የንጋት ጽጌረዳዎች ክረምት

ሐምሌ 6

ዝናብ የጣራውን ቆርቆሮ ሲቀጠቅጥ ራዲዮ መጠገን አይቻልም፤ የጠገንከው ይናገር ይለጎም አትሰማም። ስለዚህ ሱቄን በጊዜ ዘጋሁና ይህን ደብተር ከፈትኩ። እህቴ አልጣሽ ብታገኘው «አያ ደሳለ ደግሞ ጸሐፊ ሆነ» ብላ ለሰፈሩ ታዳርሰዋለች። ከተበላሹት ራዲዮኖች ጀርባ እሸጉጠዋለሁ።

የሚጻፍ ነገር ስላለ ነው። የአልጣሽ ልጅ ንጋት በእናቷ ጓሮ ጽጌረዳ እያፈላች ነው። በዘይት ጣሳ፣ በቀለም ቆርቆሮ፣ በተቀደደ ባልዲ፣ አፈር በያዘ ነገር ሁሉ። ጎብኚ እንደ ልብ በነበረ ጊዜ የአስጎብኚዎች ቢሮ ውስጥ ትሠራ ነበር። ጎብኚው ሲጠፋ ቢሮውም ተዘጋ። አሁን ከከተማው ዳር አንድ ሎጅ እየታደሰ ነው። ኃላፊው ለገና እንግዶቹ ግቢው በጽጌረዳ እንዲሞላ ይፈልጋል። ከመስቀል በኋላ መጥቶ ያያል። ከወደዳቸው ይወስዳቸውና ንጋትንም የግቢው አትክልተኛ አድርጎ ይቀጥራታል። ካልሆነ አዲስ አበባ ትሄዳለች። ጓደኛዋ ምሥራቅ የምትሠራበት ሱቅ ቦታ አለ ብላታለች።

«ሂጂ» አልኳት፤ «እኔም ከጩኸትሽ እገላገላለሁ።»

ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

ሐምሌ 11

እናቴ የጽጌረዳ ቅርንጫፍ ለምነህ ብትተክለው ይደርቃል፣ ባለቤቱ ሳያይህ የቆረጥከው ግን ይይዛል ትል ነበር። ሰፈሩም እንዲሁ ያምናል። እኔ ደግሞ ለዚህ እምነት የተፈጠርኩ ሰው ነኝ። ንጋት ጓሮ ያለው ቅርንጫፍ ሁሉ በእኔ ሰንጢ የተሰረቀ ነው። እሷ መጀመሪያ አፍራ ነበር፤ አሁን «ዛሬስ ከማን አጥር ነው አያ?» ትለኛለች።

ዛሬ ጠዋት ከባንችይርጋ አጥር ነው። ቤቷ ወደ ነአኩቶ ለአብ ገዳም በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፤ ቀይ ጽጌረዳዋ ከድንጋይ አጥሩ በላይ ፈስሶ መንገደኛ ይነካል። ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ናት። ይህን የምጽፈው አጥሩ ጠባቂ እንደሌለው ለማስረዳት ነው። ውሻዋ እንኳ አይጮህብኝም፤ አርጅቶ ይሆናል።

ከመሄዴ በፊት እንደ ልማዴ የሱቄን በር ጽጌረዳ ደረቅ ደረቁን ከረከምኩላት። ይህቺን አሮጊት የተከልኳት ንጋት ክርስትና በተነሳች ሳምንት ነው፤ እሷም የተሰረቀች ናት። ግንዷ ከሰል መስሏል፣ አበባዋም ቀንሷል። ዕድሜ ነው፤ የእኔም ጉልበት እንዲሁ ነው። ሰው ግን እስከ ዛሬ ሱቄን «ጽጌረዳዋ ጋ» ብሎ ነው የሚጠራው።

ሰንጢዬን ሱሪዬ ላይ ጠረግኩና ወደ ባንችይርጋ አጥር ሄድኩ።

ሐምሌ 22

ይዘዋል። ሁሉም ቅጠል አውጥተዋል ማለት ይቻላል። ንጋት ከጣሳ ጣሳ እየዞረች እንደ አስተማሪ ስም ትጠራለች። ለሁሉም ስም አውጥታለች። አንዱን ጣሳ፣ ጠማማውን፣ «አያ ደሳለ» ብላዋለች።

ማለዳ ማለዳ እሷ ሳትነሳ በጓሮ በኩል እገባና የተንጨባረረውን ጫፍ እከረክማለሁ። ስትነሳ «እማዬ፣ ማን ነው የነካቸው?» ትላለች። አልጣሽም እኔን እያየች «መልአክ ይሆናላ» ትላለች።

ነሐሴ 3

አንድ ነገር አለ።

ከጠማማው ጣሳ፣ ከስሜ ጣሳ፣ አንዱ ቅርንጫፍ ከተቆረጠበት ጫፍ ጀምሮ ቡናማ ሆኗል። ዳሩ ወይን ጠጅ ቀለም አለው። ትናንት አውራ ጣት አይሞላም ነበር፤ ዛሬ ወደ ታች ወርዷል። ከሱ በላይ ያለው ቅጠል ጠውልጓል።

ንጋት ተንበርክካ ብዙ አየችው። «በምን ቆርጠኸው ነው ያመጣኸው አያ?»

«በጥርሴ።»

ሳቀችና አለፈ። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አላውቅም። አፌ ቀድሞኝ ነው።

ነሐሴ 8

ጾሙ ገብቷል። አልጣሽ ከቅዳሴ መልስ ጸበል ረጨችባቸው። እኔ አመድ ነሰነስኩ። ጎረቤት የሳሙና ውኃ ይሻላል አለ። ንጋት ግን ኔትወርክ ብልጭ ባለች ሰዓት ስልኳ ላይ አንብባ መቀሷን በአረቄ እያጠበች ነው የምትቆርጠው፤ የቆረጠችውንም ታቃጥላለች።

«መቀስሽ ሰከረ» አልኳት። «ጠማማ የሚቆርጠው ለዚህ ነው።»

«ከእኔ በቀር ማንም እንዳይነካቸው» አለች። ለእናቷ ነው ያለችው። እኔንም አየችኝ መሰለኝ።

ነሐሴ 11

ሌላ ሦስት ጣሳ። ዝናብ። ጠዋት የሱቄን አሮጊት ከረከምኩ፤ ወደ ጓሮ ጎራ ብዬ ሁለት ደረቅ ጫፍ ብቻ ቆረጥኩ። ሁለት ብቻ። ደረቅ ጫፍ እያየሁ ማለፍ አልችልም፤ ስሠራ ያደግኩት እንዲህ ነው። ዝናብ።

ነሐሴ 16

አሸንድዬ። ልጃገረዶቹ ቄጠማቸውን ወገባቸው ላይ አስረው እየዘፈኑ ሰፈሩን አጥለቀለቁት። አልጣሽ ደጅ ሲደርሱ ንጋት ቤት አልነበረችም። ከልጆቹ አንዷ ጥሩ ምላስ አላት፤ «አባባ ደሳለ፣ የራዲዮ ሽቦ ልትሰጡን ነው?» አለችኝ።

ሽቦስ አልሰጥም። ገና የፈነዳውን እንቡጥ ከዚህም ከዚያም ጣሳ እየቆረጥኩ ለየጸጉራቸው አደልኩ። እንዴት ደስ አላቸው። አልጣሽ «ልጅቷ ትገድልሃለች» አለች። እንቡጥ መቆረጡ ተክሉን ያበረታዋል አልኳት። ይህ እውነት ነው፤ የትም ጠይቁ።

ንጋት ስትመጣ አየች። አልተቆጣችም። «ደግ አደረግክ» አለች፣ «በዓል ነው።» ቢያንስ ብትቆጣ።

ነሐሴ 29

እንቡጥ ከተቆረጠበት ሁሉ ጥቁሩ ወረደ። ከሁሉም አይደለም። ግን ከብዙዎቹ።

በሽታው ከላይ ጀምሮ ወደ ታች ነው የሚወርደው። ቅርፊቱ ይሰረጎዳል፤ በላዩ ላይ በመርፌ የተወጋ የሚመስል ጥቃቅን ጥቁር ነጥብ ይወጣበታል። ሥሩ ጋ ሲደርስ አለቀ። ስለዚህ ጉዳይ ሳስብ ራዲዮ ገልብጬ ገጥሜ ባለቤቱ ሳቀብኝ።

ወፍጮ ቤት ተራ ስጠብቅ አንዲት ሴት ለሌላዋ «የአልጣሽ ልጅ እጇ አይሆንም አሉ። የተከለችው ይደርቃል» ስትል ሰማሁ። ሌላዋ «ከንፈሯን እንኳ አትመጥም፣ ዝም ብላ ውኃ ታመላልሳለች» አለች።

ዞር ብዬ «የእኔ እህት ልጅ እጇ ወርቅ ነው» ማለት ነበረብኝ። «ዱቄቴን ስትነኩ እጃችሁን ታጠቡ» ብዬ አሳቅኋቸው።

ጳጉሜን 3

የሩፋኤል ዝናብ መጣ። ሕፃናቱ ራቁታቸውን ወጥተው ተንጫጩ። አልጣሽ በረከት እንዲያገኛቸው ብላ ጣሳዎቹን ሁሉ ከጥላው አውጥታ ደርድራ ጠበቀችን። ንጋት እናቷን እያየች ቆመች፤ መልሳ አላስገባቻቸውም። የእናቷን እምነት በጣሳ አትለውጠውም።

ማታ ስልኳን ይዛ መጣች። «አያ፣ ከታመመ ተክል ነው የሚመጣው ይላል። ከወሰድክባቸው አጥሮች አንዱ ታሟል ማለት ነው። የቱ እንደሆነ ካወቅን የሱን ዘር ለይተን እናቃጥላለን፤ ሌላው ይተርፋል።»

«ታዲያ ሄጄ ‹የሰረቅሁት ጽጌረዳ ታሟልና ያንተን አሳየኝ› ልበል?»

«አዎ» አለች። አልሳቀችም።

መስከረም 1

እንቁጣጣሽ። አልወጣሁም። አመመኝ ብዬ።

መስከረም 3

ሁሉንም አጥሮች ዞርኩ። በእግረ መንገድ እንደሚያልፍ ሰው፣ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ። ከሩቅ ሲታዩ ሁሉም ለምለም ናቸው። የቀረው የባንችይርጋ ነው።

በበሩ ገባሁ። በበር ስገባ የመጀመሪያዬ ነው። ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች።

«አያ ደሳለ» አለችኝ ቀና ሳትል፣ «ዛሬ አጥሩ ምን ሆነና በበር መጣህ?»

«የምን አጥር?»

«ኧረግ! ጠዋት ጠዋት ውሻውን ጓሮ የማስረው ለማን መሰለህ?»

ቆብ የለኝም እንጂ አወልቅ ነበር። የንጋት ጽጌረዳዎች መታመማቸውን ነገርኳት። በሽታው ምናልባት ከዚህ፣ ማለቴ ከዚህ ይሆናል ማለቴ አይደለም፣ ግን ከዚህ ቢሆን ብዬ...

«ና» አለችኝ። ሰፌዷን አስቀምጣ ወደ አጥሩ ወሰደችኝ።

ጽጌረዳዋ ከውስጥ በኩል ሲታይ ጉድ ነው። በግቢው በኩል አንድ የታመመ ቅርንጫፍ የለም። በመንገዱ በኩል ግን፣ እኔ ከውጭ ተንጠራርቼ በምደርስበት ልክ፣ ጥቁር ጥቁር ጫፎች። አንድ ሁለት አይደሉም። እያንዳንዱ ጥቁር ከሰያፍ ቁራጭ ይጀምራል። ሰያፍ የምቆርጠው እኔ ነኝ፤ ውኃ እንዳይተኛበት።

«ይህን ማን ቆረጠው?» አለችኝ።

«ሌባ።»

«ሌባውስ በምን ቆረጠው?»

ሰንጢዬን ከኪሴ አወጣሁ። ከፈተችው። ስለቱ እጀታው ውስጥ በሚገባበት ስንጥቅ ላይ ጥቁር ሙጫ ደርቋል፤ የሽቦ ልጣጭና የዳቦ ፍርፋሪም አለበት። ጠጋ አድርጋ አየችው።

«ወደኔ ከመምጣትህ በፊት ማንን ቆርጠህበት ነው የምትመጣው?»

ዝናብ መጣ ብዬ ወጣሁ። ዝናብ አልነበረም።

መስከረም 4

የሱቄን አሮጊት በጥፍሬ ፋቅኋት። ቅርፊቷ ሥር ያለው ሁሉ ቡናማ ነው። በግንዷ ላይ ያ በመርፌ የተወጋ የሚመስለው ነጥብ፣ ከታች እስከ ላይ። ስንት ዘመን ዕድሜ ነው ስል።

በየማለዳው መጀመሪያ እሷን። ከዚያ በዚያው ሰንጢ የባንችይርጋን። ከዚያ የንጋትን።

መስከረም 8

ዛሬ ልነግራት ሄድኩ። ውኃ ስትቀዳ አገኘኋት፤ ጀሪካኑን ተቀበልኳትና ስለ ጀሪካኑ ክዳን አወራሁ።

መስከረም 10

ነገ።

መስከረም 12

ትናንት ይነገር የነበረው ዛሬ ከበደ። እያንዳንዱ ቀን በላዩ ድንጋይ ይጭንበታል።

ከደጅ ስደርስ ንጋት ለእናቷ ስትናገር ሰማሁ። «እጄ ነው እማዬ። አንዳንድ ሰው እጁ አይሆንለትም፤ ሰው የሚለው እውነት ነው። የሎጁ ሰውዬ መጥቶ ከሚያሳፍረኝ ከመስቀል ማግስት ልሂድ። ለምሥራቅ እመጣለሁ ብያታለሁ።»

ድምፅ ስለጠፋ ገባሁ። «እዚህ ቤት ሰው ሞተ እንዴ?» አልኩ። ንጋት ለእኔ ብላ ፈገግ አለች። «አዲስ አበባ ሄደሽ ደግሞ የዚያን አገር ሰው አስጨንቂ» አልኳት። ይህን ቀልድ በሐምሌም ቀልጄዋለሁ። ያኔ ቀላል ነበር።

ልነግራት የፈለግሁት እንድትቀር ብዬ ነው እንዳይባል ብዬ ይሆን የዘገየሁት? አይደለም። ፈርቼ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ሁሉን ነገር አስተካክላለሁ ያልኩ ሰው ነኝ፤ ሰው የተበላሸበትን ይዞ ወደኔ ይመጣል።

ልሂድ ብትልም ትሂድ። ግን እጄ ነው ብላ አትሄድም።

መስከረም 16

ማለዳ ዶማ ይዤ የሱቄን አሮጊት ከሥሯ ነቀልኳት። መሬቱ ለስላሳ ነበር፤ እሷ ግን አልለቀቀችም። እሾኋ ሸሚዜን ቀደደው፣ ክንዴንም። አላፊ አግዳሚው ቆሞ «ደሳለ አበደ» ይላል። «ጽጌረዳዋ ጋ» ሊሉ የለመዱ ሰዎች ነገ ምን ብለው እንደሚጠሩኝ እንጃ።

ግንዷን በገመድ አስሬ ተሸከምኩና ሰፈራችን ደመራ ወደሚተከልበት ሜዳ ወሰድኳት። ሰው ሁሉ እንጨት ነው የሚያመጣው፤ አንዱ የባሕር ዛፍ፣ ሌላው ጽድ፣ አናቱ ላይ አደይ አበባ አስሮ። እኔ ጥቁር ጽጌረዳ። አንድ ሽማግሌ «ይህ ምንድን ነው ልጄ?» አሉኝ።

«መቃጠል ያለበት ነው አባቴ።»

ንጋት ከእናቷ ጋር ቆማ አየችኝ። መጣች። ክንዴ እየደማ ነበር። «አያ፣ የእኔ እኮ ናት። የክርስትናዬ ቀን የተከልካት።»

«የክርስትናሽ ሳምንት» አልኳት፤ «ቀኑን ሰክሬ ነበር።» ከዚያ በኋላ ግን ቀልድ አለቀብኝ። ነገርኳት። ሰንጢውን፣ አሮጊቷን፣ የማለዳውን መልአክ፣ የአሸንድዬውን እንቡጥ። «እጅሽ አይደለም። የኔ እጅ ነው። ከመስከረም መባቻ ጀምሮ አውቃለሁ።»

የመጨረሻውን ባልናገር ይሻል ነበር። ያየችኝ ሌላውን ስነግራት አይደለም፤ ያንን ስነግራት ነው።

«እኔ እኮ» አለች፣ «ሌሊቱን ሁሉ እጄን ሳይ ነበር የማድረው።»

ሄደች። ደመራው ተለኮሰ። አሮጊቷ ከሁሉ ቀድማ ተያያዘች። ደረቅ ነበረቻ።

መስከረም 17

አልመጣችም። እኔም አልሄድኩም። አልጣሽ በልጅ እጅ ምሳ ላከችልኝ፤ ጨው የለውም። ረስታው አይመስለኝም።

መስከረም 19

ንጋት ሱቁ ድረስ መጣች። መቀስና የአረቄ ጠርሙስ ይዛለች። እጇን ዘረጋች። «ሰንጢውን።»

ሰጠኋት። ኪሷ ከተተችው። «ና፣ ያዝልኝ።»

እኔ ጣሳ ያዝኩ፣ እሷ ቆረጠች። ግንዱ ሲቆረጥ መሃሉን እያየች ነው፤ ቡናማ ከሆነ ደግሞ ወደ ታች፣ አሁንም ቡናማ ከሆነ አሁንም ወደ ታች፣ ነጭ እስኪሆን። ከእያንዳንዱ ቁራጭ በኋላ መቀሱን አረቄ ውስጥ ትነክራለች። አንዳንዱ አፈር ድረስ ተቆርጦ ነጭ አልመጣም፤ እሱን ከነሥሩ እሳት ውስጥ። በእኔ ስም የተጠራው ጠማማ መጀመሪያ ከሄዱት ነው። አላዘነችለትም።

በቀኑ መጨረሻ የቀረው ጣሳ ከግማሽ ያነሰ ነው፤ ያም ጉቶ። አልጣሽ ወጥታ አሽታ «በጾም ቀን አረቄ ትጠጣላችሁ?» አለች። ዕለቱ ዓርብ ነው። እኔና ንጋት ተያየን። አልሳቀችም፤ ግን ልትስቅ ቀርቧት ነበር።

መስከረም 23

የሎጁ ኃላፊ መጣ። ጉቶ አየ። ንጋት አልደበቀችም፤ ታመው ነበር፣ ቆረጥኳቸው፣ እነዚህ ንጹሕ ናቸው፣ ያቆጠቁጣሉ አለች። የማን ሰንጢ እንደሆነ አልተናገረችም። እኔ ልናገር አፌን ስከፍት እግሬን ረገጠችኝ።

ሰውዬው ጫማውን ከጭቃው ላይ እያነሳ «ለገና ግቢ ባዶ መሆን የለበትም» አለ። «በኅዳር መጥቼ አያለሁ። የያዘውን እወስዳለሁ። ስለ ቅጥሩ ያኔ እንነጋገራለን።» ቃል አልገባም። አልተሳደበምም።

የአዲስ አበባ መንገደኛ ይዞ ወደ ጋሸና የሚሄደው ሚኒባስ ከነገ ወዲያ ነው። ሻንጣዋ አልጋዋ ሥር ታስሮ አየሁት።

መስከረም 26

ጽጌ ዛሬ ገባ። ካህናቱ ማኅሌቱን ጀምረዋል።

ሚኒባሱ ትናንት ሄደ። ንጋት ግቢ ውስጥ ነበረች። ለምን እንደቀረች አልጠየቅሁም፤ ብጠይቅ ትነግረኛለች፣ ከነገረችኝ ደግሞ አለቀ።

ከሰዓት መጣችና «ከወይዘሮ ባንችይርጋ ቤት ቅርንጫፍ እፈልጋለሁ። ከግቢው በኩል፣ ጤነኛውን» አለችኝ።

«ነገ ማለዳ እሄዳለሁ።»

«ማለዳ አይደለም። አሁን ሂድ። በበሩ ግባና ለምን።»

«ለምኜ? ይደርቃላ! እናቴ...»

«አያ።»

ሄድኩ። ባንችይርጋ ደጃፏ ላይ ናት። ሲሰርቁት የኖሩትን ነገር መለመን እንዴት እንደሚከብድ የሞከረ ያውቀዋል። ጉሮሮዬን ጠረግኩ፣ ሰማዩን አየሁ፣ ስለ ውሻው ጤና ጠየቅሁ።

«እታለም፣ ቅርንጫፍ ብትሰጪኝ።»

«ምን አልክ?»

ሰምታለች። ደግሜ አልኩት። ወደ ቤት ገብታ መቀስ አመጣች፤ በአረቄ አጠበችው። ንጋት ቀድማ መጥታ ነግራት ኖሯል። እየመረጠች ቆርጣ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ከበር ስወጣ «ሌላ ጊዜም ስትፈልግ በበር ነው» አለችኝ። ስለ ጽጌረዳ ነው የምታወራው፤ ሌላ ምን ይሆናል።

ጥቅምት 4

ጉቶዎቹ ቀይ ቀይ ቡቃያ አውጥተዋል፤ የጣት ጥፍር የሚያህል። የባንችይርጋ ቅርንጫፎች ግን ዝም ብለዋል። ቅጠላቸው ረግፏል። እናቴ ልክ ሳትሆን አልቀረችም። ለንጋት አልነገርኳትም፤ እሷም አልጠየቀችኝም። ሁለታችንም በየጠዋቱ እናያቸዋለን፣ አንዳችን ሌላችን ሳያይ።

ምሥራቅ ደውላ ነበር። «ቦታው እስከ ወሩ መጨረሻ ይጠብቅሻል» አለቻት መሰለኝ። ንጋት «እነግርሻለሁ» ስትል ሰማሁ።

ሰንጢዬን ገና አልመለሰችልኝም። ኪሴን ስዳብስ እጄ ባዶ ይመጣል። ዳቦ በእጄ እቆርሳለሁ።

ጥቅምት 17

ዛሬ ማለዳ አልነካሁም፤ ጎንበስ ብዬ ብቻ አየሁ። ከባንችይርጋ ቅርንጫፎች በአንዱ፣ ከአፈሩ በላይ ባለው ዓይን ላይ፣ አረንጓዴ ነገር አለ። መነጽሬን አጠብኩና ደግሜ አየሁ። ቅጠል ነው። ከጎኑ ያለውም ዓይኑ አብጧል።

የለመንኩት ያዘ።

ንጋት ከኋላዬ ቆማ ኖሯል። እሷም አይታዋለች። እጇን ኪሷ ከትታ ሰንጢዬን አወጣችና ሰጠችኝ፤ ስንጥቁ ሁሉ ተፍቆ፣ አረቄ አረቄ እየሸተተ። ከዚያ ባዶ ጣሳ አነሳችና አፈር መሙላት ጀመረች።